ልጄን የትኛው ሣጥን ውስጥ ላስገባት? የአሜሪካ ፎርምና የአሜሪካዊነት ጉዳይ

ባለ ሦስት ስም፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው እሑድ ማታ ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ እኔ የልጃችንን የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ፎርም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ገና ከስሙ ላይ ነው የተጣላሁት። እኔ በአባቴ ስም እጠራለሁ፣ ባለቤቴ በአባቷ፣ ልጃችን ደግሞ በእኔ። ፎርሙ የሚያውቀው አንድ «የቤተሰብ ስም» ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር ሦስት የማንተዋወቅ ሰዎች መሰልን። እሱንስ ለምደነዋል። ቤቱን ያመሰው ቀጥሎ የመጣው «ዘር» የሚለው ጥያቄ ነው።

ባለቤቴ «ሌላ የሚለው ላይ ምልክት አድርግና ኢትዮጵያዊት ብለህ ጻፍ» አለች። እኔ «ጥቁር የሚል ተጽፎልን ሌላ ምን እንፈልጋለን?» አልሁ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ትምህርት ቤት ውስጥ እኔ ጥቁር ነኝ፤ ሐበሻ የምሆነው ቤት ስገባ ነው» ብላ ቁጭ። እናቷ ጀበናውን ከማቶቱ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ያን ቀን በረካ አልደረስንም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በዚህ አገር ሰው ምን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ራሱ፣ ጎረቤቱ ወይስ ፎርሙን የሚያሳትመው መሥሪያ ቤት? ነገሩ ከየት እንደመጣ የምታውቁ ንገሩኝ። ፎርሙን እስከ ዓርብ መመለስ አለብኝ።


የቀበና ልጅ፦

ወንድሜ፣ አታክብደው። ሣጥን ነው፣ ምልክት አድርገህ እለፍ። እኛስ አገር በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ አልነበረምን? ያን ጊዜ ማን «ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ?


አወያይ፦

ከዚህ መልስ በታች የነበሩ አራት ጽሑፎች ተነሥተዋል። የአገር ቤቱን የብሔር ክርክር የምትፈልጉ ለእሱ የተከፈተ ሌላ ክፍል አለ። እዚህ የተጠየቀው ስለ አሜሪካ ነው።


ታሪክ አስተማሪ፦

ባለ ሦስት ስም፣ ጥያቄህ ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ይቅርታ።

አሜሪካ የውጭ አገር ሰው እንዴት ዜጋ እንደሚሆን የደነገገችበት የመጀመሪያው ሕግ የወጣው በ1790 ነው። ሁለት ዓመት መኖር፣ መልካም ጠባይ ያለው መሆን፣ ደግሞም «ነፃ ነጭ ሰው» መሆን ያስፈልጋል ይላል። ነጭ ማለት ማን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ አልጻፈም። የዘር ቅድመ ሁኔታው ከዜግነት ሕጉ ጨርሶ የተነሣው በ1952 ነው። ስለዚህ 162 ዓመት ሙሉ የወረዳ ጸሐፊዎችና ዳኞች የቆመውን ሰው ሽቅብ ቁልቁል እያዩ ሲፈርዱ ኖሩ ማለት ነው። በ1909 አንድ ፍርድ ቤት አርመኖች ነጭ ናቸው አለ። ሶርያውያን በአንዱ ዳኛ ፊት ነጭ ሆነው በሌላው ፊት ሳይሆኑ ቆይተው፣ በ1915 በይግባኝ ነጭ ተባሉ።

ከሁሉ የሚያስቀው፣ ባያሳዝን ኖሮ፣ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። ታካኦ ኦዛዋ ጃፓን ተወልዶ በ1894 አሜሪካ ገባ። ካሊፎርኒያ ተማረ፣ ሃዋይ ውስጥ ሥራ ይዞ ኖረ፣ በቤቱ እንግሊዝኛ ይነገራል፣ ልጆቹን አሜሪካ ትምህርት ቤት አስገብቷል። ለፍርድ ቤት በራሱ እጅ በጻፈው ማመልከቻ ላይ፣ ጄኔራል ቤኔዲክት አርኖልድ በስሙ አሜሪካዊ በልቡ ከሀዲ ነበር፣ እኔ ግን በስም ባልሆንም በልቤ አሜሪካዊ ነኝ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 1922 ውሳኔ ሰጠ። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ነው። የቆዳ ቀለም መለኪያ ሊሆን አይችልም፣ ነጭ ማለት «ኮኬዥያን» የሚባለው ዘር ነው፣ ጃፓናዊ ደግሞ ከዚያ አይደለም ብሎ መለሰው።

ሦስት ወር እንዳለፈ ባጋት ሲንግ ቲንድ የሚባል የፑንጃብ ሰው እዚያው ችሎት ቀረበ። ይህ ሰው በ1918 የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሶ ያገለገለ ነው። ክርክሩ ቀላል ነበር። እናንተ ነጭ ማለት ኮኬዥያን ነው ብላችኋል፣ የዘመኑ የዘር ሊቃውንት ደግሞ እኛን ኮኬዥያን ይሉናል፣ እንግዲህ ፍረዱ አለ። ያው ሰዘርላንድ ብዕሩን አነሣና ሊቃውንቱ ምንም ቢሉ ሕጉ የሚመለከተው ተራው ሰው ነጭ ብሎ የሚያውቀውን ነው ብሎ ጻፈ። ኦዛዋን በሊቃውንት ሚዛን መዝኖ መለሰው፣ ቲንድን ደግሞ ሚዛኑን ራሱን ሰብሮ።

ከዚያ ውሳኔ በኋላ ቀድሞ ዜግነት ያገኙ ሕንዳውያን ሳይቀሩ እየተጠሩ ተነጠቁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜጋ መሆን የማይፈቀድለት ሰው መሬት መግዛት ስለማይችል ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ሰዘርላንድ ራሱ የተወለደው እንግሊዝ አገር ነው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ይዘውት ወደ ዩታ መጡ። እርሱን ማንም ሚዛን ላይ አላስቀመጠውም።


ሁለተኛ ትውልድ፦

እዚህ ተወልጄ ነው ያደግሁት፣ አማርኛዬ ቢንገዳገድ ታገሡኝ። መምህር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ዜግነት ለነጭ ብቻ ከነበረ፣ በዚያው በ1922 አንድ ኢትዮጵያዊ ቢያመለክት ምን ይሉት ነበር?


ታሪክ አስተማሪ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይቀበሉት ነበር። ሕጉ ይፈቅድ ነበር ማለቴ ነው፤ ጸሐፊው ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ፣ በ1870፣ የማሳቹሴትሱ ሴናተር ቻርልስ ሰምነር «ነጭ» የሚለው ቃል ከዜግነት ሕጉ ጭራሹን ይውጣ ብሎ ተሟገተ። የምዕራቡ ጠረፍ ተወካዮች «ቻይናውያን ሊገቡብን ነው» ብለው አሻፈረን አሉ። ስለዚህ ቃሉ ባለበት ተትቶ አጠገቡ ሌላ በር ተከፈተ፤ በአፍሪካ ለተወለዱና የአፍሪካ ዝርያ ላላቸው። እንግዲህ ከ1870 ጀምሮ ሁለት በር ነበረ፣ ነጭና ጥቁር። በመሐል የቀረው የእስያ ሰው ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሲቆሙ ነጭ ነን ብለው ነው የተከራከሩት። በጥቁሩ በር ልግባ ያለ የለም ማለት ይቻላል። ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።


ሁለተኛ ትውልድ፦

እንግዲያው ልናገር። የእኛ ሰዎች ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ቤት ውስጥ «እኛ እነሱ አይደለንም» ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት። አጎቴ ዛሬም ይለዋል። በወረቀት ላይ ግን ለአፍሪካ ሰው የተከፈተው የመጀመሪያው በር በእነሱ ስም ነው የተከፈተው። በባርነት ኖረው፣ ተዋግተው፣ ሞተው። የእኔ በዚህ አገር መወለድ ዋጋ ያለው በ1868 የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ «እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው» ስላለ ነው፤ እሱም የተጻፈው ለእነሱ ነው። የጸናው ደግሞ በአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ምግብ አብሳይ ክስ ነው። ዎንግ ኪም አርክ ይባላል። ወላጆቹ ቻይናውያን ናቸው፣ እርሱ ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ። በ1895 ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ አንተ የእኛ አይደለህም ብለው ወደብ ላይ በመርከብ አቆዩት። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረታ። የአጎቴ ልጆች ፓስፖርት የወጣው በዚህ ሰው ነው፣ አጎቴ ግን ስሙን አያውቀውም።

ከእኛ መሐል ይህ ቀድሞ የገባው ሰውም ነበረ። መላኩ በያን ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረ፣ ጥቁር አሜሪካዊት ያገባ ሰው ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ድጋፍ የፈለገው ከኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር ከሐርለም ሰዎች ነው፤ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽን በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቋቋም መሪው እርሱ ነበር። ባለ ሦስት ስም፣ ልጅህ ትክክል ብላለች።


የቀበና ልጅ፦

ማንም እነሱን አልናቀም። ነገር ግን ስድብ ሳንጨምር አንድ ነገር እንነጋገር። እያንዳንዱ አገር በሩን የመዝጋት መብት አለው። በር ሲዘጋ ሁሉ ክፋት ነው የሚለው ወሬ ሰልችቶኛል። የጥቁሮቹ መሪ ቡከር ዋሽንግተን ራሱ በ1895 አትላንታ ላይ ለነጭ ባለ ሀብቶች ሲናገር ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባዕድ ትታችሁ እኛን ቅጠሩ ነው ያለው። ሠራተኛ ሲበዛ ደመወዝ ይወድቃል። እኔ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህንን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም።


የገዳሪፍ መንገደኛ፦

ልጆች፣ እኔ ሕግ አላውቅም። ያየሁትን ልናገር።

እኔ የገባሁት በ1983 ነው፣ ሱዳን ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ተቀምጬ። አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ አንገቴ ላይ ወረቀቶቼ ያሉበት ነጭ የፕላስቲክ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ከእጄ እንዳይወጣ ተብዬ ስለነበር ሽንት ቤትም ይዤው ገባሁ። በጥር ወር ነጠላና ሸራ ጫማ። አስተርጓሚ ያሉኝ ሱዳናዊ ነበር፤ እኔ አረብኛዬ የገበያ ነው። ፎርሙን ሞላልኝ። ምን ብሎ እንደሞላው እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሱዳናዊት ብሎኝ ይሆናል።

የተሰጠኝ ቤት ፎቁ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ ጥቁር። በሁለተኛው ቀን ካፖርት ይዘው ወረዱ፣ የራሳቸውን። አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሳንቲሙ የት እንደሚገባ በእጃቸው ይዘው አሳዩኝ። እንግሊዝኛ ትንሽ ስለምድ «እኔም ስደተኛ ነኝ» አሉኝ። ከየት ብላቸው፣ ከደቡብ ካሮላይና። በጦርነቱ ዓመት በባቡር ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ እናታቸው የተጠበሰ ዶሮ በካርቶን አስይዘዋቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ምግብ የሚሸጥላቸው ስለማይኖር። እኔም ከጎንደር ስወጣ እናቴ በሶ ነው የቋጠረችልኝ። ስንተዋወቅ ዶሮና በሶ ተጨዋወትን።

ሣጥኑ ላይ ምን እንደምትጽፍ አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ። እኔ እሳቸው የጻፉትን ነው የምጽፈው።


ታሪክ አስተማሪ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እርስዎ የገቡበት ሕግ የወጣው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ሕግ ስደተኛ ብሎ የሚያውቀው በዋናነት ከኮሚኒስት አገር ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር።

ለቀበና ልጅ ደግሞ። ቡከር ዋሽንግተን ያልከውን ብሏል፣ አልክድም። ፍሬድሪክ ዳግላስም በ1853 ጥቁሩ ሰው በየሰዓቱ በአዲስ መጤ ከሥራው እየተገፋ ነው ብሎ ጽፏል። ይኸው ዳግላስ ግን በ1869 ቦስተን ላይ ቆሞ ቻይናውያን ይምጡ፣ ዜጋም ይሁኑ፣ ድምፅም ይስጡ ብሎ ተሟገተ፤ ከአገር ወደ አገር መሄድ የሰው ልጅ ሁሉ መብት ነው አለ። ስለ ደመወዝ ያልኸው እውነት ኖሮት ሳለ፣ ያኔ በሩን የዘጉት በደመወዝ ስም በደም ሒሳብ ነው። እንዴት እንደዘጉት ልንገርህ።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በ1877 «ቻይናውያን ይውጡ» እያለ ሠራተኛ የሚያሰልፍ ዴኒስ ኪርኒ የሚባል ሰው ነበር። ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከአየርላንድ፣ ከኮርክ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የእርሱን ወገኖች «የጳጳሱ ሎሌዎች» እያሉ በፊላዴልፊያ ቤተ ክርስቲያናቸውን ያቃጠሉባቸው ነበሩ። በ1856 የስደተኛ ጠላት የሆነው ፓርቲ ሚላርድ ፊልሞርን ለፕሬዚዳንትነት አቅርቦ ያሸነፈው አንድ ግዛት ብቻ ነው፦ ሜሪላንድ። አዎ፣ ዛሬ ግማሻችን እንጀራ የምንገዛበት ሜሪላንድ። የኪርኒ ጩኸት በ1882 ሕግ ሆነ፤ የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ ተከለከለ፣ እስከ 1943 ቆየ።

ትልቁ በር የተዘጋው በ1924 ነው። አዲሱ ሕግ ለየአገሩ ኮታ ቆረጠ፤ በ1890 በአሜሪካ ከነበረው የዚያ አገር ተወላጅ 2 በመቶ። በ1920 የተደረገ ቆጠራ እጃቸው ላይ ሳለ ሠላሳ አራት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሱት ለምን ይመስልሃል? በ1890 ጣሊያንና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ገና በብዛት አልገቡም ነበር። ውጤቱ ጀርመን 51,227፣ ብሪታንያ 34,007፣ ጣሊያን 3,845። በ1907 በአንድ ዓመት ብቻ ከ285 ሺህ በላይ ሰው የላከች ጣሊያን ናት ይህቺ።

ዝርዝሩ ውስጥ ወደ ታች ስትወርድ «ኢትዮጵያ (አቢሲኒያ)» የሚል ታገኛለህ። 100። ቻይናም 100 ተሰጥቷታል፤ ነገር ግን ያ መቶ ለቻይናዊ አይደለም፣ ቻይና ውስጥ ለተወለደ ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፎ የሚፈርም ሰው ሌሊት እንዴት ይተኛል እላለሁ አንዳንዴ።

አላበቃም። ኮታው ከ1929 ጀምሮ ሲሻሻል «የአሜሪካ ሕዝብ ከየት ከየት ነው የመጣው?» ብለው በ1920ው ቆጠራ አሰሉ። ከስሌቱ የባሪያዎች ዝርያ የሆኑት እንዲወጡ ሕጉ በግልጽ አዘዘ፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦችም እንዲሁ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ከየትም ያልመጡ ሰዎች ሆኑ። ቢቆጠሩ ኖሮ የአፍሪካ ኮታ ስንት ይሆን ነበር፣ ቁጭ ብለህ አስላው። ሕጉ በግንቦት 26 ተፈረመ። በሳምንቱ፣ ሰኔ 2፣ ያው ምክር ቤትና ያው ፕሬዚዳንት ነባሮቹን የአሜሪካ ሕንዶች ዜጋ አደረጓቸው። ከሁሉ በፊት የነበሩት ሁሉም ዜጋ የሆኑት ገና ያን ጊዜ ነው።


የቀበና ልጅ፦

ሜሪላንድን አላውቅም ነበር። የቀረውን በኋላ እመልሳለሁ።


ፖስታ ቤት፦

ይህንን ክር ለሁለት ቀን ሳነብ ነበር። እኔ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) አዲስ አበባ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። የዲቪ ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቃል። ሰልፉ ከደጅ ወጥቶ ይታጠፋል። ፖስታው ላይ ሁሉም አንድ አድራሻ ነው፦ ፖርትስመዝ፣ ኒው ሃምፕሻየር። እኔ ያቺን ከተማ ከዋሽንግተን ቀድሜ ነው ያወቅኋት። የማይጽፉ እናቶች ፖስታውን በነጠላቸው ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ማኅተም ስመታ «ቀስ ብለህ ምታ፣ ልጄ» የሚሉ ነበሩ። አንድ ሰው ቴምብሩን ከማስለጠፉ በፊት አማተበበት። ዓመቱን ሙሉ ከዚያ የሚመለስ መልስ ሲጠብቁ፣ በየቀኑ የፖስታ ሣጥን ሲከፍቱ አይቻለሁ።

እዚህ መጥቼ ስለ ዲቪ አመጣጥ ሳነብ ደነገጥሁ። ለእኛ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። በ1980ዎቹ (አሁን በፈረንጅ) በቦስተንና በኒው ዮርክ ያለ ወረቀት የሚሠሩ በርካታ አይሪሾች ነበሩ። የ1965ቱ ሕግ የድሮውን የአገር ኮታ ሽሮ ቅድሚያውን ለቅርብ ቤተሰብ ስለሰጠ፣ አይሪሾቹ እዚህ ያላቸው ዘመድ የአያት የቅድመ አያት ሆነና የሚጠራቸው ጠፋ። የማሳቹሴትሱ የምክር ቤት አባል ብራያን ዶኔሊ በ1986 ለእነዚህ «የተጎዱ» አገሮች ቪዛ የሚሰጥ አንቀጽ አስገባ። ቀድሞ ለደረሰ ስለነበር በሚሊዮን የሚቆጠር ፖስታ ዋሽንግተን ላይ ጎረፈ፤ አንድ ሰው መቶም ሁለት መቶም ይልክ ነበር። የ1990 ሕግ ደግሞ ለሽግግር ሦስት ዓመት በየዓመቱ 40,000 ቪዛ መድቦ 40 በመቶውን ለአየርላንድ ለየ። ቋሚው ዕጣ፣ እኛ ዲቪ የምንለው፣ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1995 ነው። ያኔ አየርላንድ ሀብታም መሆን ጀመረችና ልጆቿ ቀሩ። በተከፈተው በር እኛ፣ ጋናዎቹ፣ ናይጄሪያዎቹ ገባን።

የ1965ቱም እንዲሁ ነው ይባላል። ቤተሰብን ያስቀደመው የኦሃዮው የምክር ቤት አባል ማይክል ፌይን የአውሮፓ ሰው ቁጥር እንደነበረ ይቆያል ብሎ አስቦ ነበር፤ ዘመድ ያለው አውሮፓዊው ነዋ። ሐሳቡ ተገላበጠበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሕጉን በነፃነት ሐውልት ሥር ሲፈርም «አብዮታዊ ሕግ አይደለም» ብሎ ነበር።

እኔ ለአየርላንድ ሰዎች ያለኝ አስተያየት ተለውጧል። የቅዱስ ፓትሪክ ዕለት አረንጓዴ ሸሚዝ እለብሳለሁ፣ ልጆቼ ይስቁብኛል።


የቀበና ልጅ፦

እኔም በዲቪ ነው የመጣሁት፣ 2001። ፖስታዬን ማኅተም የመታህልኝ አንተ ትሆናለህ።

ነገር ግን ሐሳቤን አልቀየርሁም። በር ይኖራል፣ ዘበኛም ይኖራል። የሚያናድደኝ ዘበኛው መኖሩ ሳይሆን በሩ ላይ የቆመው ራሱ ትናንት የገባ መሆኑ ነው። ኪርኒን ስታነሣብኝ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ለዚያ ነው ሁለት ቀን ዝም ያልሁት። መጋዘን ውስጥ አዲስ የሚመጡትን የሆንዱራስ ልጆች ምን እንደምል እኔ አውቃለሁ።


ባለ ሦስት ስም፦

እኔ አንድ ፎርም ጠየቅሁ፣ እናንተ ሁለት መቶ ዓመት አመጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ስለ ስም፣ የሥራ ባልደረባዬ ጣሊያናዊ ነው፣ ቅድመ አያቴን ድሮ ስደተኞች በሚገቡበት በኤሊስ ደሴት ላይ ስሙን ቀየሩበት ይላል። እውነት ነው? ሁለተኛው፣ ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤት አይቶን «እዚህ አገር ካላችሁ እንግሊዝኛ አይበቃትም?» አለኝ። በፈገግታ ነው ያለው፣ ግን አለው።


ታሪክ አስተማሪ፦

ስለ ስሙ፣ ተረት ነው። የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ስም አይጽፉም ነበር፤ መርከቡ የተነሣበት ወደብ ላይ የተዘጋጀውን የተሳፋሪ መዝገብ ነው የሚያመሳክሩት። ስማቸውን የቀየሩት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ በኋላ፣ ሥራ ሲፈልጉ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ። ያንተም ልጅ በስምህ የተጠራችው እንዲሁ በፎርም ፊት ነው።

ስለ ጎረቤትህ ደግሞ ይህቺን ንገረው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ ወንጀል ሆኖ ነበር። የአይዋ ገዥ በ1918 ሰው በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክም ቢሆን ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይናገር አዘዘ። ቤተ ክርስቲያንም ስብከት በእንግሊዝኛ ብቻ። በስልክ ነው የምልህ! ነብራስካ ደግሞ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ የውጭ ቋንቋ እንዳይማር ሕግ አወጣች። ሮበርት ሜየር የሚባል የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር በግንቦት 1920 አንድ የአሥር ዓመት ልጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ሲያስነብብ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ክፍል ገባበት። 25 ዶላር ተቀጣ። አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ1923 ሰባት ለሁለት ረታ። ወላጅ ልጁን ቋንቋ የማስተማር መብት እንዳለው እዚያ ላይ ተጻፈ። የቅዳሜው የአማርኛ ክፍላችሁ ጣሪያ ይህ ሰው ያልከፈላት 25 ዶላር ናት።

ከተቃወሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ማን መሰለህ? ሰዘርላንድ።


የገዳሪፍ መንገደኛ፦

ይህ ሰውዬ ደግሞ ከየትም አይጠፋም እንዴ!


ሁለተኛ ትውልድ፦

ፎርሙን ከመላክህ በፊት አንድ ነገር። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ወረቀት ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሣጥን ሥር የምትጽፍበት መስመር ነበር። ለምሳሌ ብሎ የዘረዘራቸው አፍሪካ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሌ ናቸው። በ1924 መቶ ሰው ተብሎ የተጻፈው ስም በ2020 በምሳሌነት ታተመ። የትምህርት ቤቱ ወረቀት እንደዚያ ዓይነት መስመር ካለው እናትየዋም ልጅቷም ሳይጣሉ ይወጣሉ።


ባለ ሦስት ስም፦

ዓርብ ማታ ነው፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። መስመር አልነበረውም። ልጄ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ጥቁር ላይ ምልክት አድርጋ፣ ከሣጥኑ ጎን ባለው ባዶ ቦታ በአማርኛ «ኢትዮጵያ» ብላ ጻፈች። «ጵ»ን ሦስት ጊዜ ነው የሞከረችው፤ ወረቀቱ ትንሽ ተቀደደ። እናቷ ምንም አላለችም። ሦስተኛው ቡና ተጠጣ።

ዛሬ ጠዋት ይዤ ሄድሁ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየች፣ ሣጥኑንም፣ አማርኛውንም፣ የተቀደደውንም አልፋ ሄደች። ከዚያ መለሰችልኝ። የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ አላያያዝሁም። ያለሁበት አድራሻ በደረሰኝ ካልተረጋገጠ መመዝገብ አይቻልም አለችኝ። መብራቱ ደግሞ የሚከፈለው በባለቤቴ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስማችን ደግሞ ይለያያል። ሰኞ ከጋብቻ ምስክር ወረቀት ጋር እንድመጣ ተቀጥሬአለሁ።